ዝም የሚለው ሳጥን

ሲያናን ሰው የሚያውቃት በክፋቷ ነበር። በሴቡ ከተማ የሬዲዮ ድራማ ስትሠራ ስትኖር የተሰጣት ሁሉ የክፉ ሴት ቦታ ነው፤ ምራቷን የምታስርብ አማት፣ የሙት ልጆችን መሬት የምትነጥቅ ባለጠጋ፣ እኅቷን በመርዝ የምትገድል እኅት። ባሏ ቴዮፊስቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ ፒስቶ የሚለው፣ በዚያው ጣቢያ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ድምፅ የሚቀዳ ሰው ነበር። የተዋደዱትም በመስታወት ተለያይተው ነው፤ እሷ ጆሮው ውስጥ ሰው ስትረግም፣ እሱ በእጁ «ትንሽ ራቅ በይ» እያለ ሲያመለክታት።

ጣቢያው ድራማውን ዘግቶ ቀኑን ሙሉ ዘፈንና ወሬ ማስተላለፍ ሲጀምር ሁለቱም ቤት ዋሉ። ለሲያና ኬክ ቆረሱላት። ለፒስቶ ማንም የማይፈልገውን አንድ አሮጌ ማይክሮፎን ሰጡት፤ እንደ መዶሻ የሚከብድ፣ ወንፊቱ የተሰረጎደ።

ቤት መዋሉ ፒስቶን አልከበደውም። ለውጊያ የሚያሳድገው ቀይ አውራ ዶሮ ነበረው፤ ጠዋት ጠዋት እግሩን እያሸ፣ በቆሎ እየቆጠረ ሲያበላው ይውላል። ሲያና ግን ጠወለገች። ድስት ስታጥብ በአማቲቱ ድምፅ ድስቱን ትሳደባለች፤ ከዚያ የሚሰማት እንደሌለ ትዝ ሲላት ዝም ትላለች።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ቀን ከማኒላ ስልክ ተደወለላት። ዓመቱን በባሕር ላይ ለሚያሳልፉ መርከበኞች ልብ ወለድ በገዛ ቋንቋቸው እያስነበበ በስልካቸው የሚያሰማ ድርጅት ነበር። አንድ ሙሉ መጽሐፍ እንድታነብላቸው ይፈልጋሉ። የምትቀዳው እዚያው ቤቷ ሆና ነው፤ ድምፁ ጥሩ ይሁን እንጂ በምን እንደተቀዳ አይጠይቁም።

ሲያና ስልኩን በእጇ አፍና ወደ ባሏ ዞረች። «ፒስቶ! የባልቴት ታሪክ ነው። ልጆቿን ባሕር የወሰደባት ባልቴት።»

«ማንን ትመርዛለች?»

«ማንንም! ደግ ሴት ናት። በስተርጅና ደግ ልሆንልህ ነው።»

ድምፅዋ ያኔም ትንሽ ሻከር ያለ ነበር። ሁለቱም አስተውለውታል። «ዝገት ነው» አለች፤ «ስንት ጊዜ ሳልሠራበት።» ዝንጅብል አፍልታ እየጠጣች ጀመረች።

የልብስ ቁም ሳጥኑን በር ከፍተው፣ ብርድ ልብስ ጋርደው፣ ልብሱ መሐል በርጩማ አስገቡላት። ሰፈሩ ዝም የሚለው ከምሳ በኋላ ብቻ ነው፤ የጎረቤቷ የሉርዲስ የካራኦኬ ማሽን የሚያርፈውና ሞተሮቹ መንገዱን የሚለቁት ያኔ ስለሆነ በዚያች ሰዓት ቀዱ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ላኩ። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፦ ድምፅዋን ወደውታል፣ ከኋላው የሚሰማው «ሽሽ» የሚል ጫጫታ ግን አይሆንም።

ፒስቶ ይህን ሳይነግሩትም ያውቀው ነበር። አሮጌው ማይክ ስስታም ነው፤ አጥብቀው ካልጎተቱት ድምፅ አይሰጥም። ያንን ደካማ ድምፅ ጎትቶ አጎልብቶ ለኮምፒውተሩ የሚያቀብል ሳጥን አለ፤ ባለሙያዎቹ ፕሪአምፕ ይሉታል። ፒስቶ የነበረችው ለጸሎት ቤቱ መዝሙር ብሎ የገዛት ርካሽ ሳጥን ናት። ማጉያዋን ግማሽ ድረስ ሲያዞሯት ደህና ናት፤ እስከ መጨረሻው ሲያዞሯት ግን ዘይት ውስጥ እንደገባ ዓሣ ትንጫጫለች።

ማይኩን በፎጣ ጠቅልሎ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ኮሎን ጎዳና ሄደ። እዚያ የድምፅ ዕቃ የሚሸጠው ሪኮ የድሮ ወዳጁ ነው።

«ኖንግ ፒስቶ! ሞቱ ሲሉኝ ነበር እኮ» አለው፤ «ኖንግ» በእነሱ ዘንድ የታላቅ ወንድ ማክበሪያ ነው።

«የሞተው ደሞዜ ነው። እኔ አለሁ።»

ሪኮ ሣቀና አንድ ሳጥን ከነካርቶኑ ዘረገፈለት። «ይኸውልዎ። ወጣቱ ሁሉ እየተሻማ የሚወስደው ይሄንን ነው። መብራቱን ይዩት፤ ሲናገሩበት አረንጓዴ፣ ሲጮኹበት ቀይ!»

«ሲያና በመብራት አታነብም።»

«እሺ ይሄኛውስ? ድምፅ ያወፍራል። እንደ ድሮው ሬዲዮ ያደርገዋል።»

«የሷ ድሮም ወፍራም ነው። ሌላ።»

«ኧረ ኖንግ፣ ሚስት ሲመርጡም እንዲህ ነበሩ?»

«ሚስቴን የመረጥኳት ስትሳደብ ሰምቼ ነው።»

ፒስቶ ሳጥን ሲመርጥ አንድም ቃል አይናገርበትም። ማይኩን ይሰካል፣ በፎጣው ይጠቀልለዋል፣ ማጉያውን እስከ መጨረሻ ያዞርና ዓይኑን ጨፍኖ ዝምታውን ይሰማል። ባለመብራቱ ሳጥን ዝም ሲል ያፏጫል። ድምፅ አወፍራለሁ የሚለው እንደ ሩቅ ሞተር ያጉረመርማል። ሪኮ ከማይኩና ከሳጥኑ መሐል የምትገባ አንዲት ጣት የምታህል ማጎልበቻም ሰጠው፤ ርካሽ ናት፣ ነገሩን ታሻሽለዋለች፣ ግን የቤቱ ሳጥን ጫጫታ ከሥር ይሰማል።

በመጨረሻ ሪኮ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ ግራጫ ሳጥን አወጣ። አንድ ሆቴል ዕቃውን ሲሸጥ የገዛው ነው፤ ጎኑ ተፍቋል፣ አንዱ ቁልፍ የለውም። ፒስቶ ሰክቶ ሰማ። ምንም የለም። ማጉያውን እንደገና አየው፤ መጨረሻው ላይ ነው። ገመዱ የተነቀለ መስሎት ማይኩን በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው ጆሮው ሊደነቁር ደረሰ።

«ይሄ ነው» አለ።

አሮጌም ቢሆን ዋጋው ከአቅሙ በላይ ነበር። አውራ ዶሮውን ሸጦ ገዛው። ሲያና ስትሰማ እጇን አጨበጨበች፤ «ሁለት ዕዳ በአንድ ጊዜ ተገላገልን! እሱ ሰይጣንም እኮ በየንባቤ መሐል እየጮኸ አላስቀዳ ብሎኝ ነበር።»

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሲያና ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባች። ፒስቶ ማዳመጫውን አጠለቀ። ገና አፏን ሳትከፍት፣ አየር ስትስብ፣ አንድ ነገር ሰማ። ክር የሚያህል ፉጨት። ከቁልፍ ቀዳዳ የሚገባ ነፋስ ዓይነት። ከዚያ ማንበብ ጀመረች፤ ድምፅዋ ጥርት ብሎ መጣ፤ ዓረፍተ ነገሩ አልቆ ደግማ አየር ስትስብ ያው ፉጨት መጣ።

«ቁሚ» አላት። «ሳጥኑ ነገር አለው።»

ገመዱን ለወጠ። ፉጨቱ አለ። ማይኩን ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ፣ አዞረው። አለ። ጣሪያው ሥር ያለውን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፈ፤ ማቀዝቀዣውን ነቀለ። አለ። እየተሳደበ ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ኮሎን ተመለሰ።

ሪኮ ራሱ ተናገረበት፣ ዘፈነበት፣ ቀለደበት። ከሱቁ ጫጫታ በቀር ምንም አልነበረም። «ኖንግ፣ ይሄ ሳጥን ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው። ቤትዎን ይዩ።»

ፒስቶ ቤቱ ገብቶ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እራሱ ተቀመጠና የጋዜጣ ቁራጭ አነበበ። መልሶ ሰማው፤ ንጹሕ ነው። ጎረቤቷን ሉርዲስን ጠራት።

«ልትዘፍኚ አይደለም፤ ይህችን ብቻ አንብቢልኝ።»

«የዘፈን ችሎታዬ ሲባክን አያሳዝንህም?» እያለች ገብታ አነበበች። መልሶ ሰማው። ሉርዲስ ስትተነፍስ እንደማንኛውም ሰው ነበር።

ፒስቶ ሉርዲስን ሸኝቶ በሩን ዘጋ። የሚነቀል ገመድ፣ የሚወተፍ ቀዳዳ አልቀረም። ሲያና ጓዳ ውስጥ ደረቅ ዓሣ ትጠብሳለች።

«ነይ እስቲ» አላት። «ግቢ። ምንም አታንብቢ። ተንፍሺ ብቻ።»

«ደሞ ምን ጨዋታ ነው?»

«ተንፍሺ፣ ሲያና።»

ማዳመጫውን በሁለት እጁ ወደ ጆሮው ተጭኖ ሰማት። ሲጥ። ከዚያ ዝም። ሲጥ። ዕድሜውን በሙሉ ይህችን ሴት በጆሮው ሲሰማ የኖረ ሰው ነው፤ ስትቆጣ፣ ስትስቅ፣ ጉንፋን ሲይዛት አፍንጫዋ የቱ ጋ እንደሚታፈን ያውቃል። ይህ እዚያ ውስጥ አልነበረም። ከጉሮሮዋ ሥር አንድ ነገር መንገዱን ይዞ ተቀምጧል። በዚያች በምትንጫጫ ሳጥን ሲቀዳ ጫጫታው ሸፍኖለት ነበር።

ሲያና ብርድ ልብሱን ገልጣ ፊቱን አየች። የሚጠበሰው ዓሣ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

«ሰማኸው እንዴ?» አለችው።

«ታውቂ ነበር?»

«ከጾሙ ጀምሮ ምራቅ ስውጥ ይጎረብጠኛል። አንድ ሁለቴ ደም አይቻለሁ።»

«እና ዝም አልሽ!»

«ምን ልበልህ? ለዶሮህ እንኳ ሐኪም የምትጠራ ሰው ነህ፤ ብነግርህ ያን ቀን ትወስደኛለህ።»

«አሁንም እወስድሻለሁ። ተነሺ።»

«አልነሣም።» ይህን ያለችው በአማቲቱ ድምፅ አልነበረም፤ በራሷ ነው፤ ፒስቶን ያስፈራውም እሱ ነበር። «ስማ። የእኅቴ ባል ምን ሆኖ እንደሞተ አይቻለሁ። ከሄድኩ ጉሮሮዬን ይቆርጡታል። ከቆረጡት በምን ላንብብ? መጽሐፉን ልጨርስ። ከዚያ ወደፈለግህበት ጎትተህ ውሰደኝ፤ እከተልሃለሁ።»

ለመናት። ተቆጣት። ማዳመጫውን ወርውሮ ወጥቶ መንገዱን ዞረና ተመለሰ። ሲገባ እሷ የተቃጠለውን ዓሣ ከድስቱ እየፋቀች ነበር። «ነገ ምዕራፍ ሁለት» አለችው። ፒስቶም እሺ አለ። በኋላ ያቺን እሺታ ደጋግሞ ሲያስባት፣ ግማሹ ለእሷ አዝኖ፣ ግማሹ ደግሞ ያንን ድምፅ በዚያ ሳጥን ለመስማት ጓጉቶ እንደሆነ ለራሱ አልደበቀም። እንዲህ አጥርቶ ሰምቷት አያውቅም ነበርና።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ አነበበች። ማታ ማታ ፒስቶ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ፉጨቶቹን አንድ በአንድ ይቆርጣል። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ። ሐምሌ ሲገባ ዓረፍተ ነገሩን መሐል ለመሐል የሚሰነጥቁ ሆኑ። ድርጅቱ ምዕራፉ በደረሰው ቁጥር ያመሰግናል፤ ጫጫታው ጠፋ፣ ግሩም ሆነ ይላል።

ሲያና እየከሳች ሄደች። ሩዝ መዋጥ ስላቃታት የበቆሎ አጥሚት ትጠጣለች። ድምፅዋ እየወረደ ሲሄድ ያንንም ተጠቀመችበት፤ መጽሐፉ ውስጥ ባልቴቷ ታረጃለችና። «ይኸው» ትላለች ጉሮሮዋን ይዛ፤ «ይሄን ለማምጣት ሌላዋ ተዋናይ ስንት ትደክም ነበር።» ፒስቶ አይስቅላትም። አንድ ቀን ከቁም ሳጥኑ ስትወጣ «የዛሬው እንዴት ነበር?» ስትለው፣ «ከሁሉ የተሻለ» አላት። እውነቱን ነበር።

መጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ ባልቴቷ ወደ ባሕሩ ወርዳ የልጆቿን ስም የምትጠራበት ቦታ ሲደርሱ፣ ሲያና የመጀመሪያውን ልጅ ስም ጠራች። ሁለተኛውን ለመጥራት አየር ሳበች። አየሩ አልመጣም። በማዳመጫው ፉጨቱ ቀጥኖ ቀጥኖ ተቋረጠ፤ ከዚያ በርጩማው ሲወድቅ ሰማ።

ሉርዲስና ሁለት ጎረምሶች በባለሦስት እግር ሞተር ላይ ጫኗት። ፒስቶ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ «ተንፍሺ፣ ተንፍሺ» ይላታል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ዓይኗ እሱ ላይ ተተክሏል። ሆስፒታሉ በር ላይ ሳያስተኟት አንገቷን በሱት። አየሩ በቀዳዳው ሲገባ የሰማውን ድምፅ ፒስቶ ለማንም ነግሮት አያውቅም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ደክሟታል። ካንሰር መሆኑንና ማንቁርቷ በሙሉ እንደሚወጣ ነገረቻቸው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ፒስቶ ሊዋሽ ይችል ነበር። «ከፋሲካ በኋላ ነው ያወቅነው» አለ።

ሐኪሟ ወረቀቷ ላይ ጻፈችው።

«ያኔ ብናመጣት ኖሮ ድምፅዋ ይተርፍ ነበር?»

«ይተርፍ ይሆናል። በጨረር ብቻ የሚድኑ አሉ። የሷን ግን አላውቅም፤ ማንም አያውቅም።»

ሲያና አልጋው ላይ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። ፒስቶ ሊያያት አልደፈረም። ከአልጋው ጫፍ እጇን ዘርግታ ሸሚዙን ያዘች፤ ይቅር ማለቷ ይሁን ወይ እንዳትወድቅ መያዟ አልገባውም፤ በኋላም አልጠየቃት።

ማንቁርቷ ወጥቶ ቤቷ ስትመለስ አንገቷ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ቀዳዳ ነበር። ድርጅቱ የቀሩትን ጥቂት ገጾች ጠየቀ። ፒስቶ የሆነውን ጻፈላቸው። አዘኑ፤ ከዚያም ማኒላ ያለች ሌላ ሴት የቀረውን አንብባ ጨርሳው መጽሐፉ ወጣ። ፒስቶ ግራጫውን ሳጥን ለሪኮ መልሶ ሸጠው፤ ገንዘቡ ሕመም ማስታገሻና ፋሻ ሆነ።

አንድ ቀን ሲያና በስልኳ መጽሐፉን ከፍታ ስታዳምጥ አገኛት። ስታየው ስልኩ ላይ ጽፋ አሳየችው፦ «አንድም ቦታ አልተነፍስም። ሁሉን ቆርጠህ ጥለኸዋል።» እሷ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሣቀች፤ ድምፅ የሌለው ሣቅ፤ ቀዳዳው ላይ ያለው ጨርቅ ብቻ ይርገበገባል። ሣቁ መቼ ልቅሶ እንደሆነ ለመለየት አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ከመርከቦቹ መልእክት ይመጣ ጀመር። ድርጅቱ ያስተላልፍላቸዋል። አንዱ ከመርከብ ሞተር ክፍል የጻፈ ነው፤ እናቱን እንዳስታወሰችው ይላል። አንዱ መጨረሻው ላይ ድምፁ ለምን ተለወጠ ብሎ ይቆጣል። አንድ መርከበኛ ግን፦ «እባካችሁ ለዚያች ሴት ንገሯት፤ ሌላ መጽሐፍ ታንብብልን። የጥበቃ ተራዬ ላይ ስቆም እሷን ነው የምሰማው» ብሎ ጻፈ።

ሲያና ይህን ሦስት ቀን ይዛው ሰነበተች። ከዚያ ለፒስቶ ጻፈችለት፦ «ሞታለች በላቸው።»

«አበድሽ? አልልም።»

«በላቸው።»

«ቁጭ ብለሽ እያየሁሽ!»

ጠረጴዛውን በጡጫዋ መታችው። ስልኩን ቀማችውና እራሷ ጻፈች፤ አንባቢዋ በነሐሴ ማረፏን፣ ስላዳመጧት እንደምታመሰግን። ልካው ስታበቃ ተነሥታ ሩዝ ጣደች።

መርከበኞቹ ለቅሶ ደረሱ። በዝናቡ ወራት ሁሉ የሐዘን መልእክት ይጎርፍ ነበር፤ ነፍስ ይማር ያለ፣ የመርከቡ ሠራተኞች ተሰብስበው መቁጠሪያ እንደጸለዩላት የነገረ፣ ሀገሩ ሲገባ ቅዳሴ አስቀድስላታለሁ ያለ። ሲያና አንዱንም አልዘለለችም። አንዳንዱን ለፒስቶ አንሥታ ታሳየዋለች፣ አንዳንዱን አንብባ ታማትባለች። ገና እየቀረበ ሲመጣ መልእክቱ እየሳሳ ሄደና ቆመ።

ሕመሙ በዚያው ዓመት ወደ ሳንባዋ ገባ። ጥር ላይ፣ ለከተማው ዓመታዊ በዓል የሚለማመዱት ልጆች ከበሮ መንገዱን ሞልቶት ሳለ፣ ከምሳ በኋላ ዐረፈች። ሉርዲስ ማሽኗን ለሟች የሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት እስኪያልቅ አልነካችም። ፒስቶ ለእኅቷ ደወለ፣ ለጣቢያው የድሮ ሰዎች ደወለ፣ ለሪኮ ደወለ። ከዚያ የመርከበኞቹን መልእክት ከፍቶ አየና ስልኩን ዘጋው። ለእነሱ ቀድሞ ተነግሯቸዋል።